ትምህርት 14፦ መቼቱ ትንሽ ከተማ የሆነ ልብ ወለድ

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት ገጸ ባሕርይ ምን እንደ ሆነ ተምራችኋል። ገጸ ባሕርይ በባዶ ስፍራ አይኖርም፤ የሚኖርበት ቦታና ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህ ቦታና ጊዜ በአንድነት መቼት ይባላል። ቃሉ የተገኘው «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት መጠይቆች ነው። በዚህ ትምህርት መቼቱ ትንሽ ከተማ የሆነ አጭር ልብ ወለድ እንዴት እንደሚጻፍ ትመለከታላችሁ።

ለ. ማብራሪያ

ብዙ ተማሪዎች ልብ ወለድ ጻፉ ሲባሉ ታሪኩን ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል። በሚኖሩባት ከተማ ለታሪክ የሚበቃ ነገር ያለ አይመስላቸውም። ታላላቅ ደራስያን ግን እንዲህ አላሰቡም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩት በጎጃም ከምትገኘው ከማንኩሳ ነው። ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. ለታተመው «አደፍርስ» የመረጡት መቼት የደብረ ሲናን አካባቢ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ሰፊ የሣር ሜዳዎች ያደጉ ደራስያንም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ዊላ ካተር ያደገችባትን ሬድ ክላውድን «ብላክ ሆክ» በሚል ስም በ1918 እ.ኤ.አ. በታተመ ልብ ወለዷ ውስጥ አስገብታታለች። ሲንክሌር ሉዊስም የትውልድ ከተማውን ሶክ ሴንተርን መነሻ አድርጎ «ጎፈር ፕሬሪ» የምትባል የፈጠራ ከተማ በ1920 እ.ኤ.አ. ለአንባቢ አቀረበ። ይህ ደራሲ በ1930 እ.ኤ.አ. በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው።

ትንሽ ከተማ ለልብ ወለድ የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ጠዋት የተነገረ ነገር ማታ ከየቤቱ ይደርሳል። ስለዚህ የአንድ ሰው ደስታም ሆነ ጥፋት የብዙዎች ጉዳይ ይሆናል፤ ግጭትም በቶሎ ይወለዳል።

አቦቦን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ በሞቃቱ ቆላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። አካባቢው የአኙዋክ ሕዝብ አገር ነው። በአቅራቢያዋ የአልዌሮ ወንዝ ይፈስሳል፤ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአልዌሮ ግድብም በዚያው ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት ከደጋማ አገሮች የመጡ ብዙ ሰዎች በዚህ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገና ታሪክ አይደለም። ታሪክ የሚጀምረው በዚህ መቼት ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲፈልግና የሚያግደው ነገር ሲገጥመው ነው።

ሐ. ምንባብ

የሚከተለው የፈጠራ ታሪክ ነው። በጥሞና አንብቡ።

ሻይ ቤቷ ከገበያው ዳር፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ናት። ባለቤቷ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ የመጣች ሴት ናት። ስትመጣ ትንሹ ልጇ ታሞባት ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ አኙዋክ ዓሣ አጥማጅ በየማለዳው ዓሣ ከደጇ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ቋንቋቸው አይገናኝም፤ ዓሣ እንዴት እንደሚሠራም አታውቅም ነበር። በምልክት አሳዩዋት። ልጁም ዳነ።

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ የእኒያ ሰው መረብ ጠፋ። ቀትር ሳይደርስ ከተማው ሁሉ «የባለ ሻይ ቤቷ ልጅ ነው» አለ። ያየ አልነበረም። ግን ሁሉም ሰምቷል። ደንበኞቿ ሻያቸውን ሳይጨርሱ፣ ዐይኗን ሳያዩ፣ ሒሳባቸውን እያስቀመጡ ወጡ።

ሴትዮዋ እሳቱን አጥፍታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ሽማግሌው ከታንኳቸው አጠገብ ተቀምጠው አሮጌ መረብ ይጠግኑ ነበር።

«አባባ፣ ልጄን አምጥቼልዎታለሁ። ይጠይቁት» አለች።

ሽማግሌው ቀና ብለው ልጁን አዩት። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለትና የመረቡን አንድ ጫፍ አስያዙት።

«ያዝ፤ ለሁለት ሲሆን ቶሎ ያልቃል» አሉት።

መ. ስለ ምንባቡ

1. መቼቱ ለታሪኩ የግድ አስፈላጊ ነው። ታሪኩ ወደ ትልቅ ከተማ ቢዛወር ደንበኞቹ ሴትዮዋን አያውቋትም፤ ወሬውም ሻይ ቤቱን ባዶ አያደርገውም። የራሳችሁን ድርሰት በዚህ መንገድ ፈትኑ። መቼቱን ለውጣችሁት ታሪኩ ሳይነካ ከቀረ መቼቱ አልሠራም ማለት ነው።

2. ደራሲው «ሽማግሌው ደግ ነበሩ» አላለም። ደግነታቸውን በዓሣውና በመረቡ ጫፍ አሳየ። አድራጎት ከቅጽል ይልቅ ይናገራል።

3. መረቡን ማን እንደ ወሰደ አልተነገረም። የታሪኩ ጭብጥ ያለው ከተማው ሁሉ ሲፈርድ አንድ ሰው ምን ያደርጋል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ሠ. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽ በትረካ

«እሳቱን አጥፍታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች» በሚለው ዓረፍተ ነገር «አጥፍታ»፣ «ተከናንባ»፣ «ይዛ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። «ወረደች» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ድርጊትን ከድርጊት ያያይዛል፤ ሐሳቡ የሚፈጸመው ግን በማሰሪያው ነው። የቦዙና የማሰሪያው ባለቤት አንድ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ ይጠራል። ባለቤቱ ሲለያይ አንባቢው እንዳይደናገር ዓረፍተ ነገሩን ከፍላችሁ ጻፉ። ከአራት በላይ ቦዝ መደርደርም አንባቢውን ያታክታል።

ረ. ጥንቃቄ

በትንሽ ከተማ የሚጻፍ ልብ ወለድ አንድ አደጋ አለበት። ጎረቤታችሁን በስሙ ወይም በሚታወቅበት ምልክት ብትጽፉት ከተማው ሁሉ ይለየዋል፤ ድርሰታችሁም ሐሜት ይሆናል። ስሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውን፣ መልኩንና ቤቱን ለውጡ። ከእናንተ በቋንቋ ወይም በትውልድ ስለሚለይ ሰው ስትጽፉም እንደ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት የሚያስብ፣ የሚፈራና የሚመርጥ ሰው አድርጋችሁ አቅርቡት። አንድን ሰው ለሕዝቡ ሁሉ ምሳሌ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ሰውዬውንም ሕዝቡንም ይበድላል።

ሰ. መልመጃ

1. ሴትዮዋ ልጇን ወደ ወንዙ ይዛ የወረደችው ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት ስጡ።
2. ከምንባቡ ሦስት ተጨማሪ ቦዝ አንቀጾችን አውጡና የእያንዳንዱን ማሰሪያ አመልክቱ።
3. «ከተማዋ በጣም ሞቃት ነበረች» የሚለውን ሐሳብ «ሞቃት» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ በሦስት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
4. ታሪኩን ከአንዱ ደንበኛ አንጻር በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ደንበኛው ማታ ቤቱ ሲገባ ምን አሰበ?
5. በምትኖሩባት ከተማ ወይም መንደር የሚፈጸም አጭር ልብ ወለድ በሁለት ገጽ ጻፉ። የከተማዋን ስም ለውጡ፤ የጥንቃቄውንም ምክር አትርሱ።