አሰልጣኙን ከሰንጠረዡ ለይቶ መመዘን

ይህ ምክር ለክለብ ቦርድ አባላት፣ ለስፖርት ቢሮ ባለሙያዎችና ለቡድን መሪዎች ነው፤ በተለይም ጋምቤላ ተቀምጠው የአንድን ዋና አሰልጣኝ ውል «እናድስ ወይስ እናሰናብት» እያሉ ለሚወያዩ። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ የነጥብ ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ የተጫዋቹን፣ የበጀቱን፣ የጉዞውንና የዕድሉን ሥራ ሁሉ ደምሮ ይዟል። የእርስዎ ሥራ ከዚያ ድምር ውስጥ የአሰልጣኙን ድርሻ ነጥሎ ማውጣት ነው።

1. የተሰጠውን አስቀድመው ይጻፉ

ተጫዋቾቹን ያስፈረመው ማን ነው፣ እሱ ወይስ ቦርዱ? ለቅድመ ውድድር ዝግጅት ስንት ሳምንት አገኘ? ደመወዝ በወቅቱ ተከፍሏል? በጉዳት የወጡት እነማን ናቸው? መልሱን በአንድ ገጽ ያስፍሩ። ይህ ገጽ ሳይኖር የሚጻፍ ግምገማ የክለቡን ጉድለት በአሰልጣኙ ስም ይመዘግባል።

ጋምቤላ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል፤ መንገድና አየር። ከተማዋ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ በማግስቱ ደጋ ላይ የሚሰለፍ ቡድን በ70ኛው ደቂቃ እግሩ ቢከብድ አያስገርምም፤ ሰውነት የደጋን ስስ አየር ለመልመድ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው «ለምን ደከሙ?» መሆን የለበትም። «ድካሙ እንደሚመጣ እያወቁ ምን አዘጋጁ?» ብለው ይጠይቁት። ቀደም ብለን እንድረስ ብሎ በደብዳቤ ጠይቆ ነበር? ቅያሬውን አስቀድሟል? ኳስ ይዘው እንዲያርፉ አሠልጥኗል? ሙቀቱም እንዲሁ ነው። በመጋቢት ወር ቡድኑን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሜዳ የሚያወጣ አሰልጣኝ ቦታውን ገና አላጠናም።

ከሌላ ክለብ የሚመጣ አሰልጣኝ ታሪኩን ይዞ ሲቀርብም ዓመተ ምሕረቱን ይመልከቱ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ሲያጫውት ቆይቷል። ስለዚህ «በሜዳዬ አልሸነፍም» የሚለው ቁጥር ከዚያ በፊት ሲሆን አንድ ትርጉም፣ ከዚያ በኋላ ሲሆን ሌላ ትርጉም አለው።

ጠንካራው ማስረጃ ቦታ ሲቀየር አብሮ የሚሄድ ውጤት ነው። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ገና ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን ለሻምፒዮንነት አበቃ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መቐለ 70 እንደርታን። ከተማው፣ የተጫዋቹ ስብስብና ደጋፊው ተቀይሯል፤ ያልተቀየረው አሰልጣኙ ነው። ይህን ያህል ግልጽ ማስረጃ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሲገኝ ግን ከአንድ ክለብ ጋር ብቻ ከተነሳ ዋንጫ በላይ ክብደት ይስጡት።

2. ልምምዱን ሄደው ይዩ

ከሁሉም አጥብቄ የምይዘው ነጥብ ይህ ነው። ጨዋታ 90 ደቂቃ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ያለው ልምምድ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። አሰልጣኙ በእጁ የያዘው ጊዜ ይህ ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን፣ በተለያየ ሳምንት፣ ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ይገኙ። ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር ይያዙ።

የሚጽፉት ይህን ነው፦ ተጫዋቾች ቆመው የጠበቁበት ደቂቃ ስንት ነው? አሰልጣኙ ልምምዱን ሲያቆም የሚናገረው ምንድን ነው? «ሩጥ፣ ተጋደል» ብሎ ያልፋል ወይስ ተጫዋቹን በክንዱ ይዞ ሁለት ሜትር አንቀሳቅሶ ምክንያቱን ይነግረዋል? ያለፈው ጨዋታ ላይ የታየው ስህተት በዚህ ሳምንት ልምምድ ውስጥ ቦታ አግኝቷል? በማዕዘን ምት ሁለት ጎል ተቆጥሮበት ሳምንቱን ሙሉ የማዕዘን ምት መከላከል ካላሠለጠነ፣ ድክመቱን እዚያው አገኙት።

ጩኸትን ከብቃት ጋር አያምታቱ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ድምፁ ሜዳውን የሚሞላ አሰልጣኝ አይቼ «ቡድኑን በቁጥጥሩ ሥር አድርጓል» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ተጫዋቾቹን ሳነጋግር ከሚጮኸው ግማሹን እንደማይረዱት ገባኝ። ያ ግምገማ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ቀላል የሆነውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ነበር የፈረምኩት።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ከልምምድ በኋላ አራት ተጫዋቾችን ለየብቻ ጠርተው፦ «ኳስ ስንነጠቅ አንተ የት ትሄዳለህ? አጠገብህ ያለውስ?» ይበሉ። አንድ ተከላካይ፣ አንድ አማካይ፣ አንድ አጥቂና አንድ ተቀያሪ ይምረጡ። መልሶቹ ከተገጣጠሙ የአሰልጣኙ ሐሳብ ተጫዋቾቹ ዘንድ ደርሷል። ከተበታተኑ ሐሳቡ በጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ነው። የተቀያሪው መልስ በተለይ ይጠቅማል፤ አሰልጣኙ የሚያስተምረው አሥራ አንዱን ብቻ ወይስ ሁሉንም መሆኑን ያሳያል።

ጋምቤላ ውስጥ ይህ ፈተና የቋንቋም ፈተና ነው። አንዱ በኑዌርኛ፣ ሌላው በአኝዋክኛ፣ ሦስተኛው በአማርኛ በሚያስብበት ቡድን፣ ጥሩ አሰልጣኝ ሐሳቡን በጥቂት ቋሚ ቃላት ያሳጥራል፤ መሬት ላይ ይስላል፤ ከምክትሎቹ አንዱ የተጫዋቾቹን ቋንቋ የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። አሰልጣኙ አኝዋክኛ ወይም ኑዌርኛ ባለመቻሉ አይቀነስበት። መልእክቱ መድረሱን ካላጣራ ግን ይቀነስበት።

3. አንድ ጨዋታ አይበቃም

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በኬፕ ቨርድ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በ12ኛው ደቂቃ ተከላካይ በቀይ ካርድ ወጥቶበት ነበር። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን፣ ሊሎንግዌ ላይ ያው ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ግብፅ ሞሐመድ ሳላህን አላሰለፈችም ነበር። ሁለት ገምጋሚዎች ከሁለቱ አንዳንድ ጨዋታ ብቻ ይዘው ቢነሱ ስለ አንድ ሰው ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ይሰጣሉ። ቢያንስ አሥር ጨዋታ ይውሰዱ፤ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን ስንት ለስንት ሰው እንደተጫወቱና ተጋጣሚ ማን እንደጎደለው ይጻፉ።

በጨዋታው ውስጥ ዓይንዎን በሦስት ቦታ ያሳርፉ፦ ጎል ከተቆጠረበት በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች፣ ከዕረፍት መልስ ቡድኑ ባሳየው ለውጥ፣ በቅያሬው። ቅያሬን በጎል ብቻ አይለኩ። ተቀያሪው ሲገባ የጨዋታው ቅርጽ አሰልጣኙ ወዳሰበው አቅጣጫ ተቀየረ? ይህን ለማወቅ ከጨዋታው በኋላ ምን አስቦ እንደነበር መጠየቅ ግድ ነው።

4. ማንን አሳደገ?

ኡመድ ኡኩሪና ጋቶች ፓኖም ከጋምቤላ ተነስተው ለብሔራዊ ቡድን የበቁ፣ ውጭ አገርም ሄደው የተጫወቱ ናቸው፤ በሊጉ ስማቸው የገነነው ግን በአዲስ አበባ ክለቦች ነው። ለክልሉ ክለብ ይህ ትልቅ የቤት ሥራ ነው። የአሰልጣኙን የዓመት መጀመሪያ ዝርዝር አውጥተው ከ20 ዓመት በታች ያሉት ስንት ደቂቃ እንደተጫወቱና ምን እንደተሻሻሉ ያስተያዩ።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። የክልሉን ወጣት ቁመቱን ብቻ አይቶ መሀል ተከላካይ ወይም የፊት አጥቂ ማድረግ። ጋቶች ግን የመሀል ሜዳ ሰው ነው። ወጣቶችን በሁለትና በሦስት ቦታ ሞክሮ የሚወስን አሰልጣኝ ካገኙ ይህን በጥንካሬ ዓምድ ውስጥ ከላይ ይጻፉት።

5. ወረቀቱና ፍትሑ

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ባበቃበት በዚያው 2005 ዓ.ም.፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አምኗል። ቡድኑ ምድቡን መምራቱ ባይቀርም፣ ትምህርቱ ለማንኛውም ክለብ ይሠራል፤ የካርድ መዝገቡን ማን እንደሚይዝና አሰልጣኙ አሰላለፉን ከማስረከቡ በፊት ማን እንደሚያመሳክረው በጽሑፍ ይታወቅ። የካፍ ፈቃድ ደረጃም ይታይ፤ ኮርሱን መውሰዱን ይነግርዎታል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠብቁበት።

ፍትሕ ከዚህ ይከብዳል። የተለያየ ማኅበረሰብ ልጆች በአንድ ማሊያ በሚሮጡበት ቡድን ምርጫው አድልዎ ካለበት መልበሻ ክፍሉ ይሰነጠቃል። ያልተሰለፉትን ያነጋግሩ። «ለምን እንዳልተሰለፍክ ነግሮሃል?» ይበሉ። ምክንያቱን ከራሱ ከአሰልጣኙ የሰማ ተጫዋች ባይስማማም ይሠራል፤ ምክንያቱን ከሜዳ ውጭ ከሰዎች የሰማ ግን ልቡ ከቡድኑ ይርቃል።

6. ፍርዱን ሲጽፉ

ለእያንዳንዱ ድክመት አንድ ጥያቄ ያስከትሉ፤ በስድስት ወር ውስጥ ይታረማል? የቆመ ኳስ ድክመት በምክትል አሰልጣኝ ወይም በአጭር ሥልጠና ይታረማል። ተጫዋቾቹን የሚንቅ ጠባይ ግን በስድስት ወር ይታረማል ብዬ አላምንም። እንደ «ታክቲክ የለውም» ያለ ቃል ካሰፈሩ ሰርዘው የትኛው ጨዋታ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ምን እንዳዩ ይጻፉ።

ረቂቁን ቦርዱ ከማየቱ በፊት ለአሰልጣኙ ይስጡት። ሁለት ቀን ይኑረው፣ መልሱንም በጽሑፍ ያቅርብ። መልሱ ሳይነካ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ።