ወንዝ ዳር ስናድር፦ የዲንሾ ጉዞና የሰላት ጉዳይ



ባለፈው ዓመት ፈተና እንዳለቀ ስምንት ወንድሞች ሆነን ዲንሾ አድረን ነበር። ድንኳናችንን ከጽዱና ከኮሶው ዛፍ ሥር ተክለን፣ ሻይ አፍልተን፣ መግሪብና ኢሻእን አንድ ላይ ሰገድን፤ ኢሻእንም ሁለት ረከዓ አደረግነው። በማግስቱ ዙህርና ዐስርንም እንዲሁ አሳጠርን። ማናችንም «ይቻላል ወይ?» ብለን አልጠየቅንም፤ ድንኳን ውስጥ ያደረ ሁሉ ሙሳፊር ይመስለን ነበር። ስንመለስ አንድ ኡስታዝ ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ የጠየቁን ርቀቱን ነው። ከሮቤ ዲንሾ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱንም ሰላቶች አራት አራት ረከዓ አድርገን መለስን።

በአካባቢያችን በሚሠራበት የሻፊዒያ መዝሀብ ለማሳጠር የሚበቃው ርቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ 88 የሚያደርሱትም አሉ። ደርሶ መልሱ አይደመርም። በዑርፍ፣ ማለትም ሰው «ጉዞ» ብሎ በሚጠራው የሚለኩ ዑለማዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን እኛ የዚያን ቀን የማንንም ንግግር ተከትለን አልነበረም፣ ዝም ብለን ነው ያሳጠርነው። ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚሄድ ጀመዓ ርቀቱ ይሞላለታል። ሳኔቲን አቋርጦ ሀሬና ጫካ የሚያድር ግን የመኪናውን ኪሎ ሜትር አይቶ ቀድሞ ይጠይቅ።

ያው ርቀት ጫማችን ላይም ይመጣል። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ውሃ የማያስገባ ቦቲ ሙሉ ውዱእ ተደርጎ ከተጠለቀ በላዩ ላይ ማበስ ይቻላል፤ ለሙሳፊር ሦስት ቀን ከነሌሊቱ፣ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ። ዲንሾ ያደረ ነዋሪ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ቦቲው ከተጠለቀ በኋላ ውዱእ መጀመሪያ ከፈታበት ሰዓት ነው። በዚያ ብርድ ለፈጅር ካልሲ ማውለቅ ምን እንደሆነ ያየ ሰው የዚህን ሩኽሳ ዋጋ ያውቃል።

ስለ ብርዱ ካነሳን፣ ሌሊት ጀናባ የሆነ ሰውስ? ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርድ ሌሊት ይህ ገጥሟቸው፣ ለነፍሳቸው ፈርተው ተየሙም አድርገው ሰዎችን አሰግደዋል፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ሳቁ እንጂ አልነቀፏቸውም። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ሆኖም ድስትና እሳት ያለው ሰው መጀመሪያ ውሃውን ያሙቅ፤ ተየሙም የሚመጣው ይህ ሳይቻል ሲቀር ነው። በመዝሀባችን ለብርድ ሲባል በተየሙም የተሰገደ ሰላት ኋላ ይመለሳል። ደግሞም አፈሩ አቧራ ያለው መሆን አለበት፤ በዝናብ የራሰ የጫካ አፈር አይሆንም። አንድ ወንድማችን ደረቅ አፈር በፌስታል ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ስቀንበት ነበር።

ቂብላ ላይ ደግሞ ብዙ ተከራከርን፤ የስልኩ ኮምፓስ በዞርን ቁጥር ይዞራል። ነገሩ ቀላል ነበር። መካም፣ ሮቤም፣ ዲንሾም 40 ዲግሪ ኬንትሮስ አካባቢ ናቸው፤ ስለዚህ የባሌ ሰው ቂብላ በቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት ፀሐይን በቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ በግራ ማድረግ ነው። በቀትር ጥላ ግን አትመሩ፤ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን የሚወድቀው ጥላ በሰኔ ወደ ደቡብ ይዞራል። ፀሐይ ከተራራ ጀርባ ስለገባችም መግሪብ ደረሰ አይባልም። የሮቤን የሰላት ሰዓት ተጠቀሙ፤ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስለ ቦታው አደብ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ፤ ሌሊት ስታርፉ ከመንገድ ገለል በሉ፣ የአውሬ መተላለፊያ ነውና የሚል መልእክት ያለው። ደጋ አጋዘንና ከርከሮ ድንኳን አጠገብ በሚመላለሱበት ዲንሾ ይህ ቃል በቃል ይሠራል። ውሃ መውረጃ፣ መንገድና ሰው የሚያርፍበት ጥላ ላይ መጸዳዳት ደግሞ እርግማን የሚያመጣ ተብሎ ተከልክሏል። ከእኛ በታች ወይብን የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። ወንዙ የሚዋኝበት ቀን ወንድሞች ከእምብርት እስከ ጉልበት መሸፈናችሁን አትርሱ፤ ጓደኛሞች መሆናችን ዐውራን አያነሳም።

እሳቱ ነው የሚያስፈራኝ። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ ሲቃጠል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትተኙ እሳት አጥፉ ብለዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በ1992 ዓ.ም ባሌ ላይ የተነሳውን የደን ቃጠሎ ታላላቆቻችን ዛሬም ያወሩታል። ከላይ ያለው አስታ ቁጥቋጦ በበጋ ቶሎ ይያያዛል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ከዚያም በፊት የጎረቤቶቻችን ግጦሽና ውሃ ነበር። እሳት በተፈቀደበት ቦታ ብቻ አንድዱ፣ ከሕያው ዛፍ አትቁረጡ። ከመተኛታችሁ በፊት ከወንዙ ውሃ ቀድታችሁ አመዱ ላይ አፍስሱ፣ በእንጨት አገላብጣችሁ ድገሙት፣ ከዚያ እጃችሁን በላዩ ዘርጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ አልጠፋም።