የተዋጊ አውሮፕላን አምሳያ አሠራርና ቀለም አቀባብ

ከማንበባችሁ በፊት፦ አንድን ነገር ከሩቅ ስታዩ አስቀድማችሁ የምትለዩት ቅርጹን ነው ወይስ ቀለሙን? ምክንያታችሁን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ። ከዚያም የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም በየተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ምንባብ

ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት ካወጀች ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. ማለዳ፣ የጠላት አውሮፕላኖች ወደ ለንደን አቅጣጫ እየመጡ ነው የሚል የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ ተላለፈ። ኖርዝ ዊልድ ከተባለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ 56ኛው ስኳድሮን በሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላኖች ተነሣ። ከዋናው ጓድ ኋላ ሁለት ተጠባባቂ ሃሪኬኖች ራቅ ብለው ይከተሉ ነበር። ከሆርንቸርች የተነሡት የ74ኛው ስኳድሮን ስፒትፋየሮች እነዚህን ሁለቱን ባዩ ጊዜ የጀርመን ሜሰርሽሚት 109 መሰሏቸው። ተኮሱባቸው፤ ሁለቱንም ጣሏቸው። ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ሲተርፍ ሌላው፣ ሞንታጉ ሃልተን-ሃሮፕ፣ ሞተ። በዚያ ጦርነት ሕይወታቸውን ካጡት የብሪታንያ ተዋጊ አብራሪዎች የመጀመሪያው እርሱ ሲሆን፣ የገደለው ግን የጠላት ጥይት አልነበረም።

ሦስቱም አውሮፕላኖች ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ አንድ መቀመጫና ባለ ነጠላ ክንፍ ነበሩ። በማለዳ ብርሃን፣ በከፍተኛ ፍጥነት፣ ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ልዩነታቸው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱን አጥንቶ ለሚያውቅ ሰው ጥቂቱ በቂ ነው። የስፒትፋየር ክንፍ እንደ እንቁላል ዙሪያ በለሰለሰ መስመር ጠቦ ያልቃል፤ የሃሪኬን ክንፍ ወፍራም፣ ጀርባውም ጎበጥ ያለ ነው፤ በዚያን ጊዜ የነበረው ሜሰርሽሚት ደግሞ የክንፉ ጫፍ በቢላ እንደ ተቆረጠ ደልዳላ ነበር። አምሳያ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚያለማምደው እንዲህ ያሉትን ልዩነቶች እንዲያይ ነው።

ይህን ጉዳይ መንግሥታትም ከጨዋታ አልቈጠሩትም። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የዩናይትድ ስቴትስ ባሕር ኃይል የአገሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 500,000 የአውሮፕላን አምሳያዎችን ከእንጨት ቀርጸው እንዲያቀርቡለት ጠየቀ፤ ይኸውም 50 ዓይነት አውሮፕላኖች፣ ከእያንዳንዱ 10,000 ማለት ነው። ተማሪዎቹ እንጨቱን እየቀረጹ በካርቶን በተቆረጠ መለኪያ ያመሳክሩት ነበር። መለኪያው በትክክል ያልገጠመለት አምሳያ ተቀባይነት አልነበረውም። ሥራው ሲያልቅ የሚቀባው ጥቁር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሰማይ ላይ ያለ አውሮፕላን ከሩቅ የሚታየው እንደ ጥላ ነውና። አምሳያዎቹም ለፀረ አውሮፕላን ተኳሾችና ለአብራሪዎች ማሠልጠኛ ዋሉ። የወዳጅን አውሮፕላን ከጠላት መለየት የሚማረው ወታደር የሚያየው አንድ የ16 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል የቀረጸውን ቅርጽ ነበር።

አምሳያዎቹ የተሠሩበት ምጥጥን 1 ለ 72 ነው። ይህ ቍጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጣው ከእንግሊዝ የርዝመት መለኪያ ነው። አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ ስድስት ጫማ 72 ኢንች ይሆናል፤ ስለዚህ ስድስት ጫማ ቁመት ያለው ሰው በአምሳያው ላይ አንድ ኢንች ብቻ ይሆናል። በዚህ ምጥጥን የተሠራን አምሳያ ከ10 ሜትር ርቀት የሚመለከት ሰው፣ እውነተኛውን አውሮፕላን ከ720 ሜትር እንዳየው ይቈጠራል። አንድ የትምህርት ክፍል ለማሠልጠኛ የበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛም አካባቢ ሰማይ ተመሳሳይ ችግር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 በኤርትራና በኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት የኢጣሊያ ፊያት ሲ.አር. 42 እና በብሪታንያ ወገን የተሰለፈው ግላዲያተር ይዋጉ ነበር። ሁለቱም ባለ ድርብ ክንፍና ጎማቸው የማይታጠፍ ስለሆነ ከምድር ለሚያያቸው መንታ ይመስላሉ። የፊያቱ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው በግልጽ ያጥራል፤ ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዙት ምሰሶዎችም በሰያፍ የተደገፉ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን መሥራት ለዓይን ታላቅ ትምህርት ነው፤ ለጀማሪ ግን ድርብ ክንፍ ስለሚያስቸግር በነጠላው መጀመር ይሻላል። ስለዚህ ወደ ስፒትፋየር እንመለስ።

ስፒትፋየርን የነደፈው ሬጂናልድ ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ማርች 5 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ነበር። ሚቸል በሚቀጥለው ዓመት በሕመም ስለሞተ ሥራው በጦርነት ላይ የሰጠውን አገልግሎት ሳያይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከ20,000 በላይ ተሠሩ። የመጀመሪያው ዓይነት የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር፣ ርዝመቱ 9.12 ሜትር ነው። ሁለቱንም ለ72 ብናካፍላቸው 15.6 ሴንቲሜትርና 12.7 ሴንቲሜትር ያህል እናገኛለን፤ ማለትም አምሳያው በአንድ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ትንሽነቱ ግን አያታልላችሁ። በአምሳያው ላይ አንድ ሚሊሜትር ብትሳሳቱ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከሰባት ሴንቲሜትር በላይ እንደ ተሳሳታችሁ ቍጠሩት።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በፋብሪካ ከተዘጋጁ የፕላስቲክ ክፍሎች ነው። እነዚህን የማያገኝ ተማሪ ለእርሳስ መሥሪያ የሚሆነውን የጽድ እንጨት በቢላ ሊቀርጽ ይችላል፤ ቀለም አቀባቡ ለሁለቱም አንድ ነው። የፕላስቲኩ ክፍሎች ከማተሚያው የወጡበት ቅባት ስላለባቸው በመጀመሪያ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ታጥበው ይድረቁ። ክፍሎቹን ከመያዣቸው የምንለያቸው በምላጭ ቈርጠን እንጂ በእጅ ጠምዝዘን አይደለም። የቀረውን ጉጥ በሞረድ፣ ቀጥሎም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እናስተካክላለን።

አካሉ በግራና በቀኝ ተከፍሎ የተሠራ ስለሆነ ሁለቱ ከመጣበቃቸው በፊት የአብራሪው ክፍል ውስጡ መቀባት አለበት፤ በኋላ ብሩሽ አይገባበትም። የውስጡ ቀለም ግራጫ ያለበት ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ሙጫው ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያጣብቅ ስለሆነ በጥቂቱ፣ በስንጥር ጫፍ ይነካ። ሽታው ጎጂ ስለሆነም መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። የተጣበቀው አካል በላስቲክ ታስሮ አንድ ሌሊት ይደር።

ክንፎቹ ሲጣበቁ ብዙ ሰው የሚቸኵልበት ደረጃ ይመጣል። የስፒትፋየር ክንፎች ከአካሉ ተነሥተው ወደ ጫፋቸው በጥቂቱ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ማዕዘኑ ስድስት ዲግሪ ነው። ይህን በዓይን ግምት መተው አይገባም። ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ለክታችሁ ካርቶን ቍረጡ፤ ሙጫው እስኪደርቅም ከክንፎቹ ሥር ደግፉት። አንዱ ክንፍ ከሌላው ከፍ ካለ፣ የቀረው ሥራ ምንም ቢያምር አውሮፕላኑ አንካሳ ይመስላል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የቀረው ክፍተት በስቱኮ ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ ይፋቃል። አብራሪውን የሚከልለው ብርሃን አሳላፊ ክዳን ግን በተለመደው ሙጫ ቢነካ ይጨልማልና በነጭ የወረቀት ሙጫ ይለጠፍ።

አሁን ወደ ቀለም እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ የሚመረጠው ደስ ስላለን ሳይሆን፣ አውሮፕላኑ በየትኛው ጊዜ፣ በየት አገር፣ ለምን ተግባር እንደ በረረ አውቀን ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከላይ የመሬትን መልክ በያዙ ሁለት ቀለሞች፣ በቡናማና በጥቁር አረንጓዴ፣ ተቀብተው ነበር፤ በሜዳ ላይ ቆመው ከላይ ለሚያያቸው ጠላት እርሻና ዛፍ እንዲመስሉ ነው። ከሥር ደግሞ የግራ ክንፋቸው ጥቁር፣ የቀኙ ነጭ ነበር። ይህም በምድር ያሉት ተኳሾች የወገን መሆናቸውን እንዲያውቁ የተደረገ ምልክት ነው። ከኋላ ለሚመጣ አብራሪ ግን የክንፍ ሥር አይታይም፤ ምልክቱ በዚያች በሴፕቴምበር ማለዳ ሃሪኬኖቹን ያላዳናቸውም ለዚህ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በጁን 1940 ጥቁርና ነጩ ተትቶ «ሰማይ» በሚል ስም የሚጠራ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ታዘዘ። ቀለሙ በበቂ መጠን ስላልደረሰ የመልኩ ዓይነት ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1941 ጀምሮ ውጊያው በባሕር ላይና በከፍታ እየበዛ ስለ ሄደ ቡናማው በግራጫ ተተካ። እንግዲህ በ1940 የበረረን አውሮፕላን ግራጫ የሚቀባ ሰው ቀለም ሳይሆን ታሪክ አሳስቷል።

በዘመኑ የተነሡ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። አንዳንዱ የዚያ ዘመን ፊልም ቀይንና ቢጫን አጨልሞ፣ ሰማያዊን አፍክቶ ስለሚያሳይ፣ በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር የሚመስለው ክብ በእውነቱ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድን ፎቶግራፍ ብቻ ማመን አይበቃም፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ሲቀባ ፈዛዛው ቀለም ይቀድማል፤ በመጀመሪያ ሥሩ፣ ቀጥሎ ቡናማው፣ በመጨረሻ አረንጓዴው። ቀለሙ ቀጠን ብሎ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በየተራ ይቀባ። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የወፈረ ቀለም በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ሰባት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት እንዳለው ቍጠሩት፤ እንዲህ ያለ ቅርፊት የለበሰ ተዋጊ አውሮፕላን የትም አልታየም። ቀለሞቹንም ከእውነተኛው ጥቂት አፍዝዙ። ከሩቅ የሚታይ ነገር በመካከል ባለው አየር ምክንያት ስለሚፈዝ፣ ድፍን ጥቁር እንኳ በአምሳያ ላይ ከመጠን በላይ ይከብዳል።

የክብ ምልክቶቹና ፊደሎቹ በውኃ የሚላቀቁ ሥዕሎች ናቸው። ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ፣ ሲላቀቁ በወረንጦ እየመራችሁ አንሸራትቱ፤ በረጠበ ጨርቅም አየሩን አስወጡ። በላይኛው ክንፍ ላይ ያለው ክብ ሰማያዊና ቀይ ብቻ እንጂ ነጭ የለበትም፤ ነጩ ከሩቅ ስለሚያሳብቅ ነው። ከክንፉ ፊት ያሉት የስምንቱ መትረየሶች ቀዳዳዎች ብርድና ቆሻሻ እንዳይገባባቸው በቀይ ጨርቅ ይሸፈኑ ነበር። ጨርቁ ሙሉ ከሆነ አውሮፕላኑ ገና አልተኮሰም፤ ተቀድዶ ከሥሩ ጥላሸት ከታየ ከውጊያ ተመልሷል። ሠሪው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት። ከጭስ መውጫዎቹ ኋላ የእርሳስ ዱቄት በጣት ቢቀባ ጥላሸት ይመስላል። አንዳንዶች ግን አውሮፕላኑን በጭቃ የተንከባለለ እስኪመስል ያቆሽሹታል። ሜካኒኮቹ በየዕለቱ ይወለውሉት እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

እ.ኤ.አ. በጁን 1944፣ የተባበሩት ጦሮች ወደ ኖርማንዲ ሲሻገሩ፣ የራሳቸው ተኳሾች እንዳይመቷቸው በሺሕ የሚቈጠሩ አውሮፕላኖች በክንፋቸውና በአካላቸው ዙሪያ ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር ሰንበር ተቀቡ። ምሥጢሩ እንዳይወጣ ትእዛዙ የተሰጠው በመጨረሻዋ ሰዓት ስለነበር ብዙዎቹ በጥድፊያ፣ በእጅ ብሩሽ ተሠሩ። የዚያን ዕለት አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ሰንበሩን በማስመሪያ ያሰመረው እስኪመስል ቢያስተካክለው እውነቱን ያጠፋል፤ ጠርዙ ትንሽ ይንቀጥቀጥ።

ጥያቄዎች

1. የ74ኛው ስኳድሮን አብራሪዎች ለምን ተሳሳቱ? በክንፍ ሥር የነበረው ምልክትስ ለምን አልጠቀመም?
2. የባሕር ኃይሉ አምሳያዎች ጥቁር ብቻ የተቀቡት ለምንድን ነው? የስፒትፋየሩ አምሳያስ ለምን በልዩ ልዩ ቀለም ይቀባል?
3. በ1944 የተቀባው የእያንዳንዱ ሰንበር ስፋት በተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ 46 ሴንቲሜትር ያህል ነበር። በ1 ለ 72 ምጥጥን ስንት ሚሊሜትር ይሆናል?
4. «ቀለም ሳይሆን ታሪክ አሳስቷል» የሚለውን ሐረግ በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
5. አምሳያ፣ ምጥጥን፣ ተጠባባቂ፣ ደልዳላ፣ ሰንበር፣ ያሳብቃል፦ የእነዚህን ቃላት ፍቺ ከምንባቡ ተረድታችሁ በየቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
6. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ሕንፃ፣ ድልድይ ወይም መኪና መርጣችሁ ርዝመቱን ለኩ፤ በ1 ለ 72 ምጥጥን አስልታችሁም የአምሳያውን አሠራር ደረጃ በደረጃ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።