ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ ፋይሎቹን እንዴት እናድሳለን?



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው በኮምፒዩተር የሚሠሩ ወገኖቻችንን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማቸውን ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ አንድ ፕሮግራም ተከፍቶ ሰው እየሠራበት ሳለ አዲስ እትሙ ቢመጣ ፋይሎቹን መለወጥ የሚቻለው እንዴት ነው? የሚለው ነው። ለእኛ ለስደተኞች ኮምፒዩተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የጉዳይ መግለጫ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ከቤተሰብ ጋር ለመገናኘት የሚቀርብ ማመልከቻ የሚጻፈው በእርሱ ነው።

ከካርቱም በስተደቡብ በምትገኘው በካላክላ ስንኖር፣ ማለትም ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ በፊት፣ አንዱ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ነበር። መብራት ባለበት ሰዓት ወረፋው ስለማያቋርጥ፣ «ዝጉትና ላድሰው» ማለት ይከብድ ነበር። ስሙን በማንጠራው በአንድ ደብዳቤ መጻፊያ ቤት፣ አንዲት እናት ጉዳያቸውን እያስጻፉ ሳለ የቤቱ ሠራተኛ አዲሶቹን ፋይሎች ከፍላሽ አምጥቶ በአሮጌዎቹ ላይ ገለበጠባቸው። ግማሾቹ ተገለበጡ፣ ግማሾቹ እንቢ አሉ፣ ፕሮግራሙም በድንገት ተዘጋ። ሦስቱ ገጽ ስላልተቀመጠ ጠፋ። እኒያ እናት በማግሥቱ ቀጠሮ ስለነበራቸው፣ የደረሰባቸውን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው መተረክ ግድ ሆነባቸው። ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት ለመዳን ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ችግሩ ከምን ይመጣል?

አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ፋይሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ አያነብበውም። የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ከዲስኩ ወደ ሜሞሪው ያመጣል፤ ሌላውን ሲያስፈልገው ተመልሶ ያነብባል። በክፍል ውስጥ መጽሐፍ ይዞ የሚያስተምር መምህርን እናስብ። ገጽ 40ን አስተምሮ ወደ ገጽ 41 ሊሄድ ሲል፣ አንድ ሰው መጥቶ የቀሩትን ገጾች ገንጥሎ የአዲሱን እትም ገጾች ቢያስገባበት ምን ይሆናል? ገጽ 40 ላይ የተጀመረው ሒሳብ ገጽ 41 ላይ የለም። መምህሩ ግራ ይጋባል፤ ተማሪዎቹም የማይገናኝ ነገር ይጽፋሉ። በሥራ ላይ ባለ ፋይል ላይ አዲሱን መገልበጥ ማለት ይኸው ነው።

ዊንዶውስ ይህን ለመከላከል በሥራ ላይ ያለን የፕሮግራም ፋይል ይቆልፈዋል። በላዩ ላይ ለመገልበጥ ወይም ለመሰረዝ ስንሞክር «ፋይሉ በሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ይሰጠናል። ነገር ግን የሚቆለፉት በዚያች ሰዓት የተያዙት ፋይሎች ብቻ ናቸው። ያልተያዙት ይለወጣሉ። ስለዚህ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ድብልቅ ይፈጠራል። ከሁሉ የከፋው ይህ ድብልቅ ነው።

ሊኑክስ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። እዚያ የፋይል ስምና የፋይሉ አካል የተለያዩ ናቸው። ስሙ ከዝርዝሩ ቢሰረዝም፣ ፕሮግራሙ የያዘው አካል እስኪለቀቅ ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። መጽሐፉ ከቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ቢፋቅም መምህሩ በእጁ እንደያዘው ትምህርቱን ይጨርሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው መምህር ግን አዲሱን ይወስዳል ማለት ነው።

ትላልቆቹ ፕሮግራሞች ምን ያደርጋሉ?

ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ፕሮግራሞች ይህን ችግር የሚያልፉት በአንድ ዘዴ ነው፤ እርሱም አዲሱን ከአሮጌው ጎን ማስቀመጥ ነው። ክሮም የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ አዲሱን እትም የእትሙ ቁጥር በተጻፈበት በሌላ ፎልደር ያስቀምጣል፤ ተዘግቶ ሲከፈት ከአዲሱ ይነሣል። ፋየርፎክስም አዲሱን አስቀድሞ ያዘጋጅና ቅያሬውን የሚያደርገው ዳግም ሲከፈት ነው። ዊንዶውስ ራሱ ከእጁ ሊለቃቸው የማይችላቸውን ፋይሎች በዝርዝር ይመዘግብና፣ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲበራ ማንም ሳይዛቸው ይቀይራቸዋል። «አጥፍተህ አብራ» የሚለን ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ማዘጋጀቱ ሰው እየሠራ ሊከናወን እንደሚችል፣ መቀየሩ ግን ለአጭር ጊዜም ቢሆን መዝጋትን እንደሚጠይቅ ነው።

እኛስ እንዴት እናድርግ?

የሚከተለው አሠራር ከራሱ ፎልደር ብቻ ለሚነሣ ፕሮግራም ያገለግላል። በመጫኛ የሚገባ ፕሮግራም ከሆነ ግን፣ የሰዎቹ ሥራ ተቀምጦና ፕሮግራሙ ተዘግቶ መጫኛውን ማስነሣት ይሻላል።

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሞ የሰዎች ደብዳቤዎች ከፕሮግራሙ ፎልደር ውጭ መቀመጣቸውን እንመልከት። ከዚያም ወደ ፍላሽ እንገልብጣቸው። ፕሮግራም ቢጠፋ ይገኛል፤ ደብዳቤ ግን አይገኝም።

2ኛ. ዲስኩ ላይ ሁለቱንም እትሞች የሚይዝ ባዶ ቦታ መኖሩን እናረጋግጥ። ቦታ ሲያልቅ መገልበጡ መሐል ላይ ይቆማል።

3ኛ. አዲሱን እትም በሌላ ፎልደር ውስጥ እናስቀምጥ፤ የፎልደሩም ስም የእትሙን ቁጥር የያዘ ይሁን። በአሮጌው ላይ ምንም አንገልብጥ። መብራት በመሐል ቢጠፋ የሚበላሸው ገና ማንም ያልነካው አዲሱ ብቻ ነው።

4ኛ. ፋይሉ በሙሉ መድረሱን እናመሳክር። አዘጋጆቹ ሻ-256 የተባለውን 64 ምልክት ያለው መለያ ሰጥተው እንደሆነ፣ እኛ ጋር ካለው ፋይል መለያ ጋር እናስተያየው። አንድ ምልክት እንኳ ቢለያይ ፋይሉን አንጠቀምበት።

5ኛ. ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሲጨርስ ደብዳቤውን አስቀምጠን ፕሮግራሙን እንዝጋ። ከዚያም በስክሪኑ ላይ ያለውን አቋራጭ ምልክት ወደ አዲሱ ፎልደር እናዙረው። ይህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። አንዱን ደብዳቤ በአሮጌውና በአዲሱ በአንድ ጊዜ መክፈት ግን አይገባም፤ ኋላ የተቀመጠው የፊተኛውን ያጠፋዋልና።

6ኛ. በደብዳቤ ግልባጭ እንሞክር። በአዲሱ የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው ላይከፈት ስለሚችል ዋናውን ለሙከራ አናቅርብ። አሮጌውን ፎልደር ለጥቂት ሳምንታት እናቆየው። አዲሱ እንቢ ካለ ምልክቱን መልሶ ማዞር ነው፤ ሰዉም ሳይጉላላ ሥራው ይቀጥላል።

ስለ አማርኛ ፊደል ልዩ ማሳሰቢያ

የፊደል ፋይል፣ ማለትም ፎንት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ፕሮግራሞች የሚይዙት ፋይል ስለሆነ፣ ሲታደስ «በሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ማምጣቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሌላም ጥንቃቄ ይሻል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው በእ.ኤ.አ. 1999 በወጣው በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፕሮግራሞች ሁሉ የየራሳቸው አቀማመጥ ነበራቸው። በእነዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ያለ አሮጌው ፎንት ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይታያል። አዲስ ፎንት ስለመጣ ብቻ አሮጌውን መሰረዝ የሰዎችን የቆየ ማስረጃ እንዳይነበብ ማድረግ ነው። ስለዚህ አዲሱ ይጨመር፣ አሮጌው ይቆይ።

መልመጃ

ሀ. አዲሶቹን ፋይሎች ስንገለብጥ ግማሾቹ ተቀብለው ግማሾቹ እንቢ ቢሉ፣ ፕሮግራሙን ሳንዘጋ በመጀመሪያ ምን ማድረግ ይገባናል?

ለ. በ3ኛውና በ5ኛው ደረጃ መካከል መብራት ቢጠፋ ሥራችንን በየትኛው እትም እንቀጥላለን? ለምን?

ሐ. ደብዳቤዎችን ከፕሮግራሙ ፎልደር ውጭ ማስቀመጥ ምን ጥቅም አለው?

በየብሎኩ በኮምፒዩተር የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ መልሱን በቡድን ሆናችሁ ተወያዩበት። ለ«ሀ» ፍንጭ እንስጣችሁ፤ ፕሮግራሙ ገና አልተዘጋም፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍም የአንድ ሰው ጉዳይ ነው።