መንፈሳዊ ቅንዓትና የአዲስ ቤተ ክርስቲያን መተከል

ሊቃውንት አባቶቻችን «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ስም ሲተረጕሙ ሦስት ምሥጢር እንዳለው ያስተምራሉ። አንደኛው ክርስቶስ በእምነት ያደረበት የእያንዳንዱ ምእመን ሰውነት ነው፤ ሁለተኛው የምእመናን አንድነት ማለት ጉባኤው ነው፤ ሦስተኛውም ምእመናን ለጸሎትና ለቍርባን የሚሰበሰቡበት ሕንፃ ነው። ይህ ትምህርት ለአንባብያን አዲስ አይደለም። ነገር ግን አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንትከል ብለን ስንነሣ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እንጀምርና ወደ ፊተኞቹ ሳንደርስ እንደክማለን። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በእውነት ከየት እንደምትጀመር፣ አገልጋይም ለአገልግሎት የሚያነሣሣውን ቅንዓት ከየት እንደሚያገኝ፣ ከአገራችን የክርስትና ታሪክ አብነት ወስደን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ወጣት ዲያቆናት ወደ እኛ እየመጡ «ለስብከተ ወንጌል መሰማራት እንወዳለን፤ ነገር ግን እንደ ኢሳይያስ ራእይ አላየን፤ እንደ ሳውልም ድምፅ አልሰማን፤ መጠራታችንን በምን እናውቃለን?» ይሉናል። በአገልግሎት የሸመገሉ ካህናትም «ሰዓቱን ጠብቀን እንገባለን፤ ቀድሰን እንወጣለን፤ ልባችን ግን እንደ ቀድሞው አይነድድም» እያሉ ያዝናሉ። የሁለቱም ጥያቄ በሥሩ አንድ ነው። የሚጠይቁትም ነገሩ ስለ ከበዳቸው ነውና በተግሣጽ ብቻ ልናሰናብታቸው አይገባም። እኛ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን በአባታችን በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ታሪክ እናገኛለን።

ታሪኩን መጽሐፈ ስንክሳር በሐምሌ 26 ቀን ያነብልናል። ከውጭ አገር ጸሓፊዎችም ሩፊኖስ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጽፎታል፤ የሰማውም ከፍሬምናጦስ ጓደኛ ከኤዴስዮስ አፍ መሆኑን ይመሰክራል። በዚህ ታሪክ እንደሚነገረው ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ ሁለቱን ወጣቶች ዘመዶቹን፣ ይዞ ሩቅ አገር ለማየት በመርከብ ወጣ። ሲመለስም መርከቡ ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደ ወደብ በቀረበ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ተነሥተው በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱን ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ አገኟቸውና ራርተው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ንጉሡም ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይነቱን አይቶ የመዝገቡና የደብዳቤው ጠባቂ አደረገው።

ንጉሡ ልጁን ሕፃን ትቶ ሲሞት ሁለቱን ነጻ አውጥቷቸው ነበር። ወደ አገራቸው ሊሄዱ በተነሡ ጊዜ ግን ንግሥቲቱ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቀሩ። ፍሬምናጦስ የመንግሥቱ ሥራ በእጁ ሲገባ ያደረገውን እናስተውል። ወደ አክሱም ለንግድ ከሚመጡት የሮም ሰዎች መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን ፈልጎ አገኛቸው። በየስፍራው ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቤት እንዲያዘጋጁ መከራቸው፤ ለቤቱ የሚሆነውን ቦታና የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰጣቸው፤ እርሱም አብሮአቸው ጸለየ። ከአገሩ ሰዎችም የክርስትና ዘር እንዲበቅል ተጋ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ፍሬምናጦስ ማን ነበረ? ጳጳስ አልነበረም፤ ቄስም አልነበረም። ሂድና ስበክ ብሎ የላከው ሲኖዶስ የለም። ወደ አገራችንም የገባው ወዶ ሳይሆን ተማርኮ ነው፤ ወገኖቹን በዓይኑ ፊት የገደሉበት ምርኮኛ ነበረ። ልቡ ቂም ቢይዝ ኖሮ ምክንያት አያጣም ነበር። እርሱ ግን ሥልጣን በእጁ በገባ ጊዜ በቀልን አላሰበም፤ የጸሎት ቤት የሌላቸውን ጥቂት ነጋዴዎች አሰበ። ከሰማይ የመጣ ድምፅ ሰማ የሚል በታሪኩ ውስጥ አናገኝም። በዓይኑ ፊት የነበረውን ጕድለት አየ፤ በእጁም ያለውን ነገር አየ፤ በእጁ ያለው ለዚያ ጕድለት እንደ ተሰጠው ዐወቀ። ጥሪው ይህ ነበረ። ብዙዎቻችን ግን በሰማይ ደመና ላይ ጥሪያችንን ስንፈልግ በደጃችን የቆመውን ሰው ሳናየው እንቀራለን።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ አያንስም። የንጉሡ ልጅ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ፤ በዚያም ቅስና ተሹሞ አገለገለ። ፍሬምናጦስ ግን የእግዚአብሔርን ሥራ ሸሽጎ መቅረት አይገባም ብሎ ወደ እለ እስክንድርያ ሄደ። በዚያ በ328 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነበረና፣ የተሰበሰቡትን ክርስቲያኖችና የተሠሩትን የጸሎት ቤቶች ነግሮ የሚገባ ኤጲስ ቆጶስ እንዲላክላቸው ለመነ። አትናቴዎስም ጉባኤ ሰብስቦ ከመከረ በኋላ ለዚህ ሥራ ከፍሬምናጦስ የተሻለ እንደማይገኝ ተናግሮ እርሱን ሾሞ መለሰው። ልመና ይዞ የሄደው ራሱ የልመናው መልስ ሆኖ ተመለሰ።

ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት ታላቅ ሰው ነበረ፤ የጸሎት ቤቶቹንም ያሠራ እርሱ ነው። እኔ ሠራሁ፣ እኔ እመራለሁ ቢል የሚከለክለው በአቅራቢያው አልነበረም። ነገር ግን መሰብሰብና መምከር የማንኛውም ክርስቲያን ሥራ ሲሆን፣ መቀደስና ማጥመቅ ግን ከሐዋርያት የወረደ ሥልጣነ ክህነት እንዲያስፈልገው ዐወቀ። ስለዚህ ረጅሙን ጐዳና ሄደ። ቅንዓቱ እስኪፈቀድለት ድረስ እጁን አጣጥፎ አላስቀመጠውም፤ ሥርዐት አክባሪነቱም ራሱን በራሱ እንዳይሾም ጠበቀው። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል አገልጋይ ግማሽ መንገድ የቀረ ነው።

ከዚህ የተገኘውን ፍሬ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የንጉሥ ኢዛና የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ነበረባቸው፤ በኋላ የተመቱት ግን የመስቀል ምልክት አለባቸው። ደግሞ በ356 ዓ.ም. ገደማ የሮም ንጉሥ ቈስጠንጢዎስ ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ተልኮ በአርዮሳውያኑ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈውን ደብዳቤ ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ ውስጥ አኑሮልናል። ለጥቂት ነጋዴዎች በተከፈተች የጸሎት ቤት የተጀመረው ሥራ የሮምን ንጉሥ እስኪያሳስብ ድረስ አድጎ ነበር ማለት ነው።

ይህ መንገድ የፍሬምናጦስ ብቻ አይደለም። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው የአንጾኪያን ቤተ ክርስቲያን የጀመሩት ስማቸው እንኳ ያልተጻፈ ስደተኞች ናቸው። በእስጢፋኖስ ምክንያት ከመጣው መከራ ሸሽተው የወጡ የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች በደረሱበት ከተማ ለአሕዛብ ተናገሩ፤ ብዙዎችም አመኑ። በኢየሩሳሌም ያለች ቤተ ክርስቲያን ይህን ሰምታ በርናባስን ላከች፤ በርናባስም ሳውልን ከጠርሴስ ፈልጎ አመጣው፤ ሁለቱም አንድ ዓመት ሙሉ ሕዝቡን አስተማሩ። ደቀ መዛሙርት ክርስቲያን ተብለው መጀመሪያ የተጠሩት በዚያች ከተማ ነው። በአንጾኪያ መጀመሪያ ምስክርነት፣ ቀጥሎ ከበላይ የተላከ አባት፣ ከዚያም የዓመት ትምህርት እናያለን፤ ስለ ሕንፃ ግን ጸሓፊው አንድ ቃል አልተናገረም። በአገራችንም በኋላ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን በደብረ ዳሞ፣ በመደራና በየሓ በየበረሓው ሲበተኑ መጻሕፍትን ተርጕመው፣ ደቀ መዛሙርትን አስከትለው ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመትም አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤ ዘርግተው ባስተማሩ ጊዜ፣ ከዚያ ከተማሩት መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። ከጉባኤ ቤት ገዳማት ይወጣሉ፤ ጉባኤ የሌለው ደብር ግን ሌላ ደብር ሊወልድ አይችልም።

እዚህ ላይ የራሳችንን በደል ሳንሸሽግ ልንናገር ይገባናል። በቅኔ ቤት ሳለን ከአንድ ቆላ አገር ሦስት ሽማግሌዎች ወደ የኔታ መጡ። በአገራቸው ካህን እንደሌለ፣ ሙታናቸውን ያለ ፍትሐት እንደሚቀብሩ፣ ልጆቻቸውም ፊደል ሳይቈጥሩ እንደሚያድጉ ነገሩና አንድ ተማሪ እንዲሰጣቸው ለመኑ። የኔታም ወደ እኛ ተመልክተው «ልጄ፤ አንተ ብትሄድላቸውስ?» አሉን። እኛም «የኔታ፤ ይቅር ይበሉኝና ትምህርቴን አልጨረስሁም» ብለን መለስን። ቃሉ እውነት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር፤ የቆላውን ወባ ፈራን፤ በጓደኞቻችን መካከል ያገኘነውን የቅኔ ስምም ወደድነው። የኔታ ምንም አልተናገሩንም። በቅኔ ከእኛ የሚያንስ፣ ብዙ ጊዜ የምንስቅበት አንድ ባልንጀራችን ግን ተነሥቶ «እኔ ልሂድ» አለና ከሽማግሌዎቹ ጋር ወረደ።

ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያ አገር ለማለፍ ምክንያት ሆነልን። ያ ባልንጀራችን ከአንድ ሾላ ሥር ሕፃናትን ፊደል በማስቈጠር እንደ ጀመረ ሰዎቹ ነገሩን። በዓመቱ ልጆቹን ወደ ዳዊት አደረሳቸው፤ ለዲቁና የሚበቁት ሲገኙ ወደ ጳጳሱ ይዞአቸው ሄደ። እርሱም ያን ጊዜ ቅስና ተቀብሎ፣ ታቦቱም በጳጳሱ ቡራኬ ከብሮ፣ በጭቃ የተመረገች የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ተሠራች። እኛ በደረስን ጊዜ ከዚያች ትንሽ ደብር የወጡ ዲያቆናትና ካህናት በአካባቢው ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ያገለግሉ ነበር። ባልንጀራችንም ሸምግሎ፣ ወባም ሰውነቱን ጎድቶት አገኘነው። በደስታ አቅፎ ከሳመን በኋላ «ከዚያ ሁሉ ተማሪ ስንቱን ለአገልግሎት አወጣችሁ?» ብሎ ጠየቀን። በየዋህነት ነበር የጠየቀን፤ መልስ ግን አጣን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለሌላው ለመፍረድ አይደለም።

የዛሬውን ጕዳይ ስናይ፣ ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልኡካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በገጠር ግን ሕዝቡ ከጕሮሮው ቀንሶ በቈርቈሮ የከደነው ቤተ ክርስቲያን አምስቱን ልኡካን አጥቶ ሰንበት ሲዘጋ አይተናል። ሕንፃው ሲታሰብ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ቈርቈሮው የተቈጠረ ገንዘብ ነበረ፤ ስለ መምህሩ ቀለብና ስለ አብነት ተማሪው ጎጆ ግን የተቈጠረ አልነበረም። ስለዚህ ለአዲስ ሕንፃ ጉባኤ የሚሰበሰብ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «የሚቀድሱት አምስቱ እነማን ናቸው? ከሃያ ዓመት በኋላ የሚተኳቸውስ ከማን ዘንድ ይማራሉ?» ብሎ ይጠይቅ።

በሰው አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም የፍሬምናጦስ ታሪክ በእጅጉ የሚመለከታቸው ናቸው። በአገራችን ስለ መጀመሪያዎቹ የጸሎት ቤቶች የተጻፈው የእንግዶች ነጋዴዎች ጉባኤ መሆኑን ከላይ አይተናል፤ ዛሬ ደግሞ የእኛ ልጆች በባዕድ ከተማ እንግዶች ሆነዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ለሰዓታት ተከራይተው ይቀድሳሉ፤ ቤተ ክርስቲያን መሥራት በማይፈቀድበት የዐረብ አገር ደግሞ ከሥራ በኋላ በመኖሪያ ክፍላቸው ለጸሎት የሚሰበሰቡ አሉ። እነዚህ ሕንፃ ስለሌላቸው ከቤተ ክርስቲያን ያነሱ አይምሰላቸው። ነገር ግን ደግሞ በአንድ ከተማ ሁለተኛና ሦስተኛ ደብር የሚከፈተው አንዳንድ ጊዜ ሕዝቡ በዝቶ ቦታ ስለ ጠበበ ሳይሆን፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር ስለ ተጣላ መሆኑን በኀዘን እንናገራለን። ፍሬምናጦስ የተነሣው «ማን ጎደለበት?» ብሎ ነው። «ማንን ልሽሽ?» ብሎ የተነሣ ግን ጠቡን ይዞት ይሄዳልና በአዲሱም ቤት ሰላም አያገኝም።

እንግዲህ መጠራቱን ለሚጠይቅ ወጣት ምክራችን አጭር ነው። በአቅራቢያህ ፊደል የማያውቅ ሕፃን፣ ጠያቂ ያጣ በሽተኛ፣ ጸሎት የናፈቀው እንግዳ ካለ ከእርሱ ጀምር፤ ሥራው ከአንተ ሥልጣን በላይ በሆነ ጊዜም ወደ አባቶች ሄደህ ንገር። ቅንዓቱ የቀዘቀዘበት ካህንም እሳቱን በራሱ ልብ ውስጥ ብቻ እየቆሰቆሰ አይፈልገው፤ አንድ ተማሪ ከእግሩ ሥር ያስቀምጥ። ያስተማረውን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በመቅደስ ቆሞ ሲያገለግል ባየ ቀን፣ የቀዘቀዘው ልቡ እንደገና ሲሞቅ ይሰማዋል።

ከዛፍ ሥር ትምህርቱን ሲያጠና የተማረከውን ወጣት የብርሃን ገላጭ ያደረገ አምላክ ለእኛም ጕድለትን የሚያይ ዓይን፣ ሥርዐትን የሚያከብር ልቡና ይስጠን። የአባታችን የአባ ሰላማ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።