ወደ ተራራው ከመውጣታችን በፊት



ክረምቱ አልፎ የመስከረም ፀሐይ ብቅ ሲል የወጣቶች ማኅበራት የጉዞ ፈቃድ መጠየቅ ይጀምራሉ። ሩቅ ለመሄድ ገንዘብ ለሌለው ቁምስና የሚቀርበው ከካራ በላይ ያለው የየካና የእንጦጦ ሰንሰለታማ ተራራ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ጉዞ ነው።

«ኢኮቱሪዝም» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን የባዕዳን ሀብታሞች ጉዳይ ይመስለናል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ የሚጎበኘውን ተፈጥሮ ሳይጎዱ፣ በስፍራው የሚኖረውን ሕዝብ እየጠቀሙና እያከበሩ፣ እየተማሩም መጓዝ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2002ን ለዚሁ ጉዳይ በሰየመ ጊዜ፣ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የዚያን ዓመት የዓለም ቱሪዝም ቀን መልእክታቸውን በዚሁ ርእስ ላይ አድርገዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ምድርን የጋራ ቤታችን ብለው ጠርተዋታል።

እኔ ይህን የተማርኩት ግን ከሰነድ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሕፃናትን ይዤ ከካራ በላይ ወጥቼ ነበር። ጸለይን፣ ዘመርን፣ በላን። ልንመለስ ስንነሣ ቅጠል የተሸከሙ አንዲት እናት ሸክማቸውን አውርደው የጣልነውን የውሃ ፕላስቲክ ይለቅሙ ጀመር። ላግዛቸው ስጠጋ «አባ፣ ፕላስቲኩስ ይሸጣል፤ እኔ እወስደዋለሁ። ፌስታሉን ግን በጎቹ እየበሉት ይሞቱብናል» አሉኝ። ስለ ፍጥረት ውበት ገና ሰብኬ መጨረሴ ነበር። የምመልሰው አጣሁ።

ተራራው ለእኛ መዝናኛ ይሁን እንጂ ለእኚህ እናት የዕለት እንጀራቸው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው፣ መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከማገዶ እጦት አድኗታል፤ ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም፣ ውሃም ይጠጣል። የአገሩን ጽድና ወይራ መልሶ ማልማት የሚደከምበትም ስለዚህ ነው። የእንጦጦ ሸንተረር ውሃ ያካፍላል፤ በደቡብ የሚወርደው በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የሚወርደው ወደ አባይ ይሄዳል። እዚያ ላይ የተጣለ ፌስታል በክረምት ጎርፍ ቀበና ዳር ከሚኖረው ወገናችን ደጅ ይደርሳል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል፤ ሕግ ባይኖርስ ኖሮ?

ስለዚህ ዝግጅቱ ከጉዞው ሳምንት በፊት ይጀመር። ምግቡ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ፣ ወይም በአገልግል የተቋጠረ ይሁን፤ ውሃው ከቤት በኮዳ ይምጣ። የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በበጋ ፈጥኖ ይቀጣጠላልና እሳት ፈጽሞ አይነድ። አደይ አበባን ማየት እንጂ መንቀል አያስፈልግም (ሕፃናቱን ከማሳመን እናቶችን ማሳመን ይከብዳል!)። መንገድ የሚያሳይ የአካባቢው ሰው ይፈለግ፤ የድካሙም ዋጋ ይከፈለው። በግ ጠባቂውንና እንጨት ተሸካሚዋን ሰላም ሳይሉ ማለፍ፣ ሳያስፈቅዱም ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው። ሸክም የያዘ ሲመጣ መንገድ የምንለቀው እኛ ነን።

በዚያው በየካ ተራራ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። የአካባቢው ትውፊት ዕድሜውን እጅግ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ተመራማሪዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ስፍራው የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ቅዱስ ቦታ ስለሆነ አስቀድሞ ካህናቱን ማስፈቀድ፣ በሥርዓታቸው መሠረት ጫማ ማውለቅና ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይገባል። አለቱ ላይ ስም መጫር በየትም ቦታ ጥፋት ነው፤ እዚያ ግን ድፍረትም ነው።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከጉዞው በፊት ባለው እሑድ የዮሐንስ ወንጌል 6፥1-13 ይነበብ። ብዙ ጊዜ የምናስተምረው ስለ እንጀራው መብዛት ነው። ጌታ ግን ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ያ ሁሉ ሰው የተቀመጠበት ሣር ንጹሕ ሆኖ ቀረ ብለን ብናስብ አንሳሳትም። አሥራ ሁለቱን መሶብ የተሸከሙት እነማን እንደ ነበሩ ልጆቹን ጠይቋቸው። ከዚያም ለጉዞው ቀን አሥራ ሁለት ልጆች ምረጡና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባዶ ጆንያ ስጧቸው።