ሎሚንና ብርቱካንን በዕቃ ተክሎ በደጋ ስለ ማሳደግ

ሎሚ፣ ትርንጎ፣ ብርቱካንና መንደሪን የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው፤ ሁሉም ሙቀት ይወዳሉ። በጣና ዳር በባሕር ዳርና በዘጌ የምድሩ ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ነውና ሎሚ በየጓሮው ያፈራል። ዳንግላ ግን 2,100 ሜትር ያልፋል፤ እንጅባራም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በአዊ ደጋ በመሬት የተተከለ ችግኝ ክረምቱን ለምልሞ ይከርምና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመታው ይደርቃል። የሦስት ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ሲጠፋ ልጆች «በአገራችን ሎሚ አይሆንም» ይላሉ። ሆኖም የሚጐዳው ሌሊቱ እንጂ አገሩ አይደለም።

የውርጭ ምክንያት። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው ምድር ሌሊት ሙቀቷን የሚይዝላት ደመና ስለሌለ ትቀዘቅዛለች፤ ሲነጋም አመዳይ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከታዛ በታች ግን አመዳዩ ጥቂት ነው፤ ወይም ከቶ የለም፤ ጣራው ሙቀቱን ያስቀራልና። እንግዲህ በዕቃ የተተከለ ችግኝ ሲመሽ ከታዛ በታች፣ ብርዱ ሲበረታም ከቤት ይገባል፤ ሲነጋ ወደ ፀሐይ ይወጣል። በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ከ1684 እስከ 1686 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለብርቱካን ዛፎች ታላቅ ቤት ተሠርቷል፤ ዛፎቹም በእንጨት ሣጥን ተተክለው የብርዱን ወራት በዚያ ያሳልፋሉ። በአዊ ቀኑ ፀሐይ ስለሆነ የሌሊት መጠለያ ብቻ ይበቃል።

ዕቃውና አፈሩ። አፉ የተሰበረ ጋን፣ አናቱ የተቈረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን፣ ወይም የእንጅባራ ቀርከሃ ቅርጫት ይሆናል። ቅርጫት ቀላል ነው፤ ውሃም አይቋጥርም። ጋንና ጀሪካን ከታች መበሳትና በድንጋይ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀላል። የአዊ አፈር በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ ስለሆነ ለአንድ ዕቃ አንድ እፍኝ የእንጨት ዐመድ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በላይ ግን ይጐዳል።

ዘሩ። የሎሚ ፍሬ ከተበላ በኋላ ዘሩ ሳይደርቅ ይዘራል። ከዘር የበቀለ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ የተዳቀለ ችግኝ ቶሎ ያፈራል። ሎሚና ትርንጎ ከሁሉ ይልቅ ብርድ ይፈራሉ፤ ብርቱካንና መንደሪን ጥቂት ይችላሉ።

ውሃው። ከሙቀት ማነስ ይልቅ የውሃ ብዛት የሚገድለው ችግኝ ብዙ ነው። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ዛፉ ማደጉን ያቆማል፤ ውሃም ጥቂት ይጠጣል። ስለዚህ ጣት በአፈሩ ውስጥ ገብቶ ደረቅ ሲያገኝ ብቻ ይጠጣ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲበዛም ከታዛ በታች ይቀመጥ። በዕቃ ያለ ሥር በመሬት ካለው ሥር ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛልና በብርድ ወራት ዕቃው በገለባ ይጠቅለል። ጉንዳን በግንዱ ሲወጣ ቢታይ ቅጠሉ ተገልብጦ ይመርመር፤ ክሽክሽ ካለ በሳሙና ውሃ ይታጠብ።

ጥበቃው። መምህሩ ተማሪዎችን በተራ ይመድብ። ውርጭ ግን ቅዳሜንና እሑድን አይለይም፤ ብዙ ጊዜም ችግኙ የሚሞተው ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ሌሊት ነው። ስለዚህ በአቅራቢያው የሚኖሩ ሽማግሌ በእነዚያ ቀናት ዕቃውን እንዲያስገቡ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ፍሬ የሚወጣው ዘር ለእርሳቸው ጓሮ ቢሰጥ መልካም ነው።

ለተማሪዎች ጥያቄ።
1. ውርጭ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት የሚበረታው ስለ ምንድን ነው?
2. ዕቃው ከታች ባይበሳ ችግኙ ምን ይሆናል?
3. በመንደራችሁ አመዳይ የማይታይበት ስፍራ ወዴት ነው? ማለዳ ሄዳችሁ ተመልከቱ።